«አይሰጉም» ተብለን የተመዘገብን ዕለት

ለውድ እህቴ ለሥራነሽ፣ ጂዳ።

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ ደህና? ያመኛል ያልሽው ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ደግ ሆነውልሻል? እኛ የእናታችን ጸሎት ጠብቆን ሁላችንም አለን። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ አትድከሚ፤ እኔው ራሴ ወንድምሽ እንዳላማው ነኝ። የማታ ትምህርቱን ከጨረስን ወር አልሞላንም፤ መምህሩ ግን ጽሕፈቴን ሲያይ ራሱን ያዘ። ከመደነቅ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

ወሬው እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እስከዳር የምትባል ልጅ ታብሌት ይዛ ጠበቀችን። ሰው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ምን እንደሚያስብ በዓለም ዙሪያ እየተጠየቀ ነው፤ ፈረንጁም ዐረቡም መልሷል፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው አለች። ያው እንደምታውቂኝ ከሰው ሁሉ ፊት ወጣሁ። ትሰጋላችሁ ወይ? በጣም፣ በመጠኑ ወይስ ምንም? ብላ ጠየቀች። እንግዳ ፊት ደግሞ ማን ያማርራል? «ምንም! ተመስገን ነው። ስጋት እዚህ አገር ቢመጣ እኔን አይቶ ይመለሳል» አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ ያለውም ተራ በተራ «ተመስገን፣ ደህና ነን» እያለ አለፈ፤ እሷም እየነካካች ሞላችው።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ታየች ነጠላዋን ሳታወርድ ጀመረችኝ። «አንተ ጉረኛ፣ ዛሬ ጠዋት ለዝናብ ምህላ ስንቆም ድንጋይ ተሸክሞ ሲያለቅስ የነበረው ማን ነው? ለእግዜር የነገርከውን ለልጅቱ መንገር አፈርክ?» አለች።

እውነቱን ልንገርሽ። ሰኔ ገብቶም ሰማዩ ዝም ብሏል። ድንቹ ከመሬት ሳይወጣ ቀረ። አባታችን ካወረሰን የባሕር ዛፍ ተክል ግርጌ ያለችው ምንጭ ክር አክላለች፤ እናታችን አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። ዛፉ ውሃውን እየጠጣው ነው። ግን ግማሹ ያንቺ ድርሻ ነው፤ ቤት ልትሠሪበት ያሰብሽው ስለሆነ መጥረቢያ አላነሳሁም።

መቀመጥ አቃተኝ። በማግስቱ ልጅቱ አርፋበታለች ወደተባለው ወደ አማኑኤል ከተማ በእግሬ ገሰገስኩ። «መልሴን ለውጪልኝ፤ በጣም ብለሽ ጻፊ» ብላት፣ «አባባ፣ ተልኳል እኮ፤ አይመለስም» አለችኝ። አባባ ማለቷ ራሱ አንድ ጉዳት ነው። ከዚያ ወዲህ ብቆምም ብቀመጥም ልቤ አላርፍ አለኝ፤ መንደራችንን በዓለም ፊት የማይሰጋ አደረግሁት።

ስለዚህ ለእሷ በጊዜው ያልነገርኳትን ለአንቺ በገዛ እጄ እጽፋለሁ፦ በጣም እሰጋለሁ። ዛፉ ከነጉቶው ይነቀል ካልሽ ቃልሽን ቶሎ ላኪልኝ። አንቺም በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ትይኛለሽ፤ አብራሽ የምትኖረው የደምበጫዋ ቀድሪያ ግን የጂዳ ሙቀት ሰው ይጥላል ብላ ለእናቷ ነግራለች አሉ። እኔ ደፍሬ ጽፌያለሁና አንቺም ለእንግዳ እንደሚመለሰው አትመልሺልኝ።

እናታችን ዓይንሽን ትስማለች። ታየች «ጉረኛውን እንዳታምኚው፤ ይህን ግን እመኚው» ብላ ሰላም ትልሻለች። ልጃችን የኔአለም አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች። ለቀድሪያም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አሁን ደመና የመጣ መስሎኝ ብዕሬን ጥዬ ወጥቼ ነበር። የአማኑኤል መንገድ አቧራ ነው።

ወንድምሽ እንዳላማው
ከደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.