ያልጠየቅሁት ጉርሻ

ውድ ኢዮስያስ፣

ጤናህን አልጠይቅም። ትናንት የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ፤ ድምፅህም ደህና ነው፣ ቁጣህም ሙሉ ነው። "እሁድ እናቴ ቤት ነይ። ጋሼን ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ከእጃቸው አንዴ ጉረሺና ነገሩ ይለቅ። እምቢ ካልሽ ሠርጉም ይቅር" ብለሃል። መልሴን በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም፤ ስናገር ታቋርጠኛለህ፣ ሳኮርፍ ትስቃለህ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እያነበብክም እባክህ ጥርስህን በስቴኪኒ አትጎርጉር።

ምን ምን እንደምጸየፍ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ባለሱቁ ዳቦ ሊሰጠኝ ፌስታሉን እፍ ብሎ ሲከፍተው፣ የሱን ትንፋሽ ቋጥሬ ቤቴ የምገባ ይመስለኛል። ባጃጅ ነጂው አንገቱን በጠረገበት ፎጣ መቀመጫውን ጠርጎ "ግቢ እህቴ" ሲለኝ፣ የታቦርን ተራራ በእግሬ መውጣት እመርጣለሁ፤ ወጥቼም አውቃለሁ። ጥርሱን ጎርጉሮ ያወጣውን ነገር ብርሃን ላይ ይዞ የሚመረምር ሰው አለ፤ ምን አገኛለሁ ብሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በመዳፉ ውስጥ አስሎ በዚያው መዳፍ የሚጨብጥ አለ። አከራዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የእግሩን ጥፍር ሲቆርጥ ቁራጩ የተሰጣው ልብሴ ላይ ያርፋል፣ እሱም "ምን አለበት፣ ጥፍር ነው" ይለኛል።

ከሁሉም የሚብስብኝ ግን ጉርሻ ነው። የሌላ ሰው ጣት ከንፈሬን ሲነካኝ፣ የሌላ ሰው ምራቅ የነካው ወጥ ምላሴ ላይ ሲያርፍ፣ ሮጬ አፌን እታጠባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እናቴ እንኳ ልታጎርሰኝ ስትል አፌን ጥርቅም አድርጌ እዘጋ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያወራዋል። ሰው ይሄን ኩራት ይለዋል። ኩራት ቢሆንማ ኖሮ እንግዳ ሲመጣ እተወው ነበር። አንተ ደግሞ "እሜቴ ሳኒታይዘር" የሚል ስም አወጣህልኝ፤ ስትጠራኝ ደስ ይለኝ ስለነበር አልተቀየምኩህም።

የምወደውም እኮ ብዙ ነው። ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ንፋስ እወዳለሁ። ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ አንሶላ ሽታ እወዳለሁ። ዓሣ ገበያው ዙሪያ የሚቆሙትን ራሰ በራ አሞራዎች ሳይቀር እወዳለሁ፤ አስቀያሚዎች ናቸው፣ ግን ድርሻቸውን ይዘው ዞር ይላሉ እንጂ ካላጎረስንሽ ብለው አያስቸግሩም።

አንተንም የወደድኩህ በዚሁ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀን አብረን የተቀመጥነው ባህል አዳራሽ አካባቢ ጭማቂ ቤት ነበር። አስተናጋጇ ጥንዶች መስለናት አንድ ትልቅ ስፕሪስ በሁለት ማንኪያ አመጣችልን። ፊቴን አየት አደረግክና፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ "እህት፣ ሌላ ብርጭቆ ጨምሪልን፤ ለየብቻ ነው የምንጠጣው" አልካት። ልቤ እዚያው ሄደ። ሌላዋ ሴት አበባ ሲሰጧት የሚሰማት ነገር ለኔ በባዶ ብርጭቆ መጣልኝ።

ቀለበት ስታስርልኝም የለመንኩህ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ዘመዶችህ ጉርሻ ይወዳሉ፤ እኔ አልችልም፤ እባክህ ቀድመህ ንገራቸው" አልኩህ። "ይሄማ ምን አላት! እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ማንም አያስገድድሽም" አልከኝ። አንተም ከዚያ "ማንም" ውስጥ ያለህ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ምሳ ጠራችሁኝ። እናትህ እትዬ ሙሉዬ ነበሩ፤ አባትህ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉህ አጎትህ ጋሽ በርናባስ ነበሩ፤ የሚያጋቡን ሽማግሌዎችም ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ነበር። ጥብስ ዓሣው ከነራሱ መጣ፣ በቃሪያና በበርበሬ የሚያቃጥለው ዳጣ ቀረበ። ጋሽ በርናባስ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። አበላላቸው ላይ ግን ዓይኔን የት ላድርገው? የዓሣውን ራስ ይዘው ይመጥጣሉ። እሾሁን ከአፋቸው በጣታቸው እየሳቡ ሳህኑ ዳር ይደረድራሉ። ከዚያ ጣታቸውን በየተራ ይልሱና በዚያው ጣት እንጀራ ይቆርሳሉ። ዳጣው ጢማቸው ላይ ቀርቶ ቀይ ሆኗል። እኔ የጠረጴዛውን ጥግ ይዤ፣ ዓሣዬን በእጄ እየበላሁ፣ ወደ ሐይቁ አያለሁ።

ከዚያ ያ ነገር ተጠቀለለ። ቡጢ ያክላል። ዘይቱ በክንዳቸው እየወረደ ወደ እኔ መጣ።

"እንኪ ልጄ፣ በሞቴ!"

"ጋሼ፣ ይቅርብኝ፤ እየበላሁ ነው።"

"አፈር ስሆን! አንዴ ብቻ!"

"በእውነት አልችልም ጋሼ። ጉርሻ ሆዴ አይቀበለውም። አይቀየሙኝ።"

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ፊቴን ደህና አድርገው አዩኝ። ከዚያ ያሉትን ታስታውሳለህ? "በይ ተይው፤ ለኔ ይብቃ" ብለው እየሳቁ ጉርሻውን ወደ ገዛ አፋቸው አዞሩት። አልቆ ነበር ኢዮስያስ! ነገሩ እኮ አልቆ ነበር።

ከእጃቸው የነጠቅከው አንተ ነህ። በግራ እጅህ አገጬን ይዘህ፣ ሕፃን ልጅ መድኃኒት እንደሚጋት፣ "አፍሽን ክፈቺ፣ አታሰድቢኝ" ያልከኝ አንተ ነህ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ አንደኛው ሽማግሌ አጨበጨቡ። ጣትህ ድዴ ድረስ ገባ። እሾህ ጉንጬን ከውስጥ ወጋኝ። እንደምንም ዋጥኩት፣ ተነሣሁ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሄጄ የበላሁትን ሁሉ አወጣሁት።

እናትህ ተከትለውኝ መጡ። በጆግ ውኃ እያፈሰሱልኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ልጄ፣ እኔን አትፈሪኝ። የወር አበባሽ ቀርቷል እንዴ?" አሉኝ።

ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ መጣብኝ። "ኧረ እትዬ፣ ጉርሻው ነው!" አልኳቸው። አላመኑኝም፤ በጉርሻ የሚያስመልሰው ሰው እሳቸው ዘንድ ገና አልተወለደም። ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ ዓይናቸውን ሆዴ ላይ ተክለው፣ "አንተ ልጅ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?" ብለው ጠየቁህ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እጅ ለእጅ ከመያያዝ ያለፈ ነገር እንደሌለን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። "እኔ ነኝ በግድ ያጎረስኳት" ማለት ይህን ያህል ይከብድ ነበር? አንተ ስልክህን አውጥተህ ማየት ጀመርክ። እኔ እዚያ ቆሜ፣ አፌ እየመረረኝ፣ ሰው ሁሉ ሆዴን እያየ፣ አንተ ስልክህን ትነካካለህ። የዓሣ ራስ ሲመጠጥ ከማየት ይልቅ ይሄ አስጸየፈኝ።

መልእክትህ ላይ ደግሞ "ጋሼ በጣም ተቀይመውሻል" ብለሃል። አሳዘኑኝና ዛሬ ጠዋት የመለዋወጫ ሱቃቸው ሄድኩ። እጃቸው በግሪስ ስለጠቆረ ሰላም ሲሉኝ ክንዳቸውን ነው የሰጡኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አላስጨረሱኝም።

"የምን ቅያሜ ነው ልጄ? ያን ጉርሻ እኮ እኔ ልበላው ነበር፤ ያ ቀማኛ ነው የነጠቀኝ!" ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሲያስሉም ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ስለ እሁዱ ሽማግሌ ስጠይቃቸው የሰሙት ነገር የለም። "የምን ሽማግሌ? ማን ተጣላ?" አሉኝ። የተቀየምከው አንተ ነህ። በሳቸው ስም እኔን ልታንበረክከኝ ነው የፈለግከው።

አሁን የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገርህ። ከዚያ ምሳ በፊት ብዙ ጊዜ ጎረቤቴ ሩዋይዳ እያጎረሰችኝ ነበር። የለመንኳት እኔ ነኝ። እጇን ፊቴ ትታጠባለች፣ ትንሽዬ ትጠቀልላለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ላይ ወደ ደጅ ሮጬ እተፋው ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ወንድ ብለሽ እንዲህ ትሰቃያለሽ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ለሠርጋችን ቀን ነበር የምለማመደው። ሙሽራው ሙሽራዋን ሲያጎርስ ሰው ቆሞ እልል ሲል፣ ፊቴን ሳላጨማድድ፣ ሳላሳፍርህ እንድጎርስልህ ነበር። እያደር ቻልኩት። አንድ ቀን እንዲያውም ጣፈጠኝ፤ ሩዋይዳ በደስታ ጠረጴዛውን መታችው። ያን ቅዳሜ ወደ ሐይቁ የመጣሁት ይህን ይዤ ነበር። ምሳው ሲያልቅ ወደ ጆሮህ ጠጋ ብዬ፣ ማንም ሳይለኝ፣ "አጉርሰኝ" ልልህ ነበር።

አሁን ጣትህን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። እንዲህ ብዬ ስጽፍልህ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል በደንብ አልበላሁም፣ ስምህን በስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር አለቅሳለሁ። ግን ራሴን አውቃለሁ። ጋሽ በርናባስን ከነዳጣቸው እለምዳቸው ነበር። አገጬን የያዘውን እጅ ግን ዕድሜ ልኬን ከፊቴ፣ ገበታ ላይ፣ ማየት አልችልም።

እሁድ አልመጣም። ለእናትህ እውነቱን ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ቀለበቱን ሩዋይዳ ታመጣልሃለች። በሳሙና አጥቤዋለሁ።

ሐዳሳ