ክረምት ከበጋ እዚሁ ነኝ

ኅዳር 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

የእጅ ጽሑፉ የሲ/ር ብርቱካን ነው። ከጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል የተከራየች፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። አገሯ ደብረ ማርቆስ። ቃሉ ግን የእኔ ነው፣ የጃጊሶ። ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። አማርኛዎን ትንሽ ላቃናው ብላኛለች። ትንሽ ብቻ።

ላሟን ወደ ጥላ አዛወርኩ። የእንሰት ቅጠል ቆርጬ ሰጠኋት። ይህን ጻፊ። ቅጠሉን የቆረጥኩት እዚሁ። ፊቴን የታጠብኩት እዚሁ። ያደርኩት እዚሁ።

አንተ ደብተር፣ ለምን እንደተገዛህ ልንገርህ። ምስክር ልትሆነኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሰው ሁሉ ይጋፋል፣ ስሙን ይፈልጋል። እኔ ቆሜ ወረቀቱን አየዋለሁ፣ ወረቀቱም እኔን ያየኛል። ያነበበችልኝ ሲ/ር ናት፣ ከሥራ ስትመለስ። ሰፈራችን ከሶዶ በታች ነው። ድሮ ገጠር ነበር፤ ዘንድሮ የከተማው ፕላን ውስጥ ገባ። ቤቱን ሁሉ ለሁለት ከፈሉት። ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት «ቋሚ»። በበቆሎ ጊዜ ዝንጀሮና ከርከሮ ሊጠብቁ ወርደው የሚያድሩበት «የወቅት»። ቋሚው ካርታ ያገኛል። የወቅቱ ይፈርሳል።

ጃጊሶ፦ የወቅት።

ሠላሳ ዓመት! አራት ልጅ እዚህ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሥራ ፍለጋ ተበትኖ። እኔ የዝንጀሮ ጠባቂ!

ቅሬታ እስከ ኅዳር 21 ድረስ ነው። ዓርብ መሬት ጽ/ቤት ሄጄ ነበር። እዚያ ያለው ልጅ፣ የሰው ትዝታ ማስረጃ አይሆንም፣ የተጻፈ ነገር ይዘው ይምጡ አለኝ። እሺ። ይኸው እየተጻፈ ነው።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

እዚሁ ነኝ።

ጽ/ቤት ሄድኩ። እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ ባጃጅ። ልጁ «ፋዘር» ይለኛል። አባትህ ብሆን ኖሮ ከወንበርህ ትነሣልኝ ነበር አልኩት። ተነሣ። ልቤ ትንሽ ራራ። ከዚያ ሲስተም የለም አለ። ዓርብም አልነበረም። የወቅት መባል ያለበት ይሄ ሲስተም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጎኑ ያለችው ጸሐፊ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

እንሰቱን ነገርኩት። የጥበቃ ጎጆ አጠገብ እንሰት የሚተክል ሰው በወላይታ ምድር አይተሃል? እንሰት ከቤት ጀርባ ነው። በየማለዳው እበት ይፈልጋል። ይተከላል፣ ይነቀላል፣ ይዛወራል፣ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚበላው። ለሁለት ወር የመጣ ሰው በቆሎ ነው የሚዘራ። በእኔ ጓሮ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ቆሟል፣ መጥተህ እይ አልኩት።

በደንብ ሰማኝ። ከዚያ ፎርሙን ገለበጠ፣ መለሰ፣ ገለበጠ። እንሰት የሚሞላበት ቦታ የለውም አለ። የመብራት ቆጣሪ? የለኝም። የውሃ ቆጣሪ? የለኝም። እንግዲህ አለ።

እንግዲህ ምን?

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

እዚሁ ነኝ። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ሲስተም መጣ። ፋይሌ ተከፈተ። ልጁ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ፋዘር፣ ይሄን እኮ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ።

ትዝ አለኝ። በጥቅምት ሁለት ወጣቶች መጥተው ነበር፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ። ታብሌት ይዘዋል። እንጨት እየፈለጥኩ ነው። ጨዋ ልጆች፣ ሰላምታው በወላይትኛ። ቋሚ መኖሪያዎ የት ነው አሉኝ። ኦፋ፣ የአባቴ ግቢ አልኩ። ይሄስ አሉኝ። እዚህ እንኳ እንዲሁ ተቀምጬ ነው አልኩ። ጻፉ። አመሰገኑ። ሄዱ።

ቃሌ ነው። አልክድም።

ታዲያ ምን ልበል? ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ የአባታችን ግቢ ተቀምጦ፣ የአባቴ ምሰሶ ቆሞ! ታላቅ እያለ ታናሽ፣ ቋሚዬ ሌላ ቦታ ነው አይልም። ካለ አባቱን ሁለተኛ ጊዜ ቀበረ። ጊፋታ ሲመጣ፣ የዘመን መለወጫችን፣ ሁላችን የምንሰበሰበው እዚያ ነው። ሥጋው እዚያ ይቆረጣል፣ የተጣላ እዚያ ይታረቃል። ሶዶ ባንክ ውስጥ ከረባት አስሮ የሚሠራውን ወላይታ ጠይቀው፤ ያው ነው መልሱ። እነዚያ ልጆች አባቶቻቸውን ቢጠይቁ ይሄንኑ ይሰሙ ነበር። ዓይናቸው ግን ታብሌቱ ላይ ነው።

ለአማረች ነገርኳት። ለባለቤቴ። ምጣዱን አወረደች። ከዚያ፦ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እበት የተሸከምኩት እንዲሁ ለተቀመጥንበት ነው?»

ጎዳሬውን አልበላም ብዬ ተነሣሁ። ኋላ በላሁ።

ኅዳር 8፣ ዓርብ፣ ጠዋት

እዚሁ።

ቶማ መጣ። ከአጥሬ ቀጥሎ ያለችው ጎጆ የእሱ ናት። ከተማ መሀል የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው። እዚህ የሚመጣው በዓመት ሁለት ወር ነው፣ በቆሎው ሲያሽት። ምዝገባ ሊኖር ነው ሲባል ቆርቆሮ አለበሳት፣ አልጋ አስገባ፣ ድመት አመጣ። «ቋሚ» ተባለ። ድመቷ የምትበላው እኛ ቤት ነው። እሷ ናት ቋሚዋ።

ሞተሩን አቁሞ አጥሬ ላይ ተደገፈ። «አቶ ጃጊሶ፣ የርስዎን ቤት ያፈረሰው አፍዎ ነው» አለኝ።

«የአንተንም ያቆመው አፍህ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ደግ ይመስላል።

ደብተር፣ ሕጉን አልጠላሁም። ይጻፍ። እንደ ቶማ ያለው እየመጣ ጎጆ ቀልሶ መሬት ስለሚወስድ የወጣ ሕግ ነው። እኔ ብሆንም አወጣው ነበር። ግን ሰፌዱ ፍሬውን አራግፎ ገለባውን አስቀረ።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

እዚሁ ነኝ።

መፍትሔ አለ አለኝ ልጁ። ደስ አለኝ። ቶሎ ደስ አለኝ።

መፍትሔው አንድ ወረቀት ነው። ሲ/ር ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። ከዚህ ሌላ መኖሪያ የለኝም፤ በሌላ ቦታ ባለ ቤትና ግቢ ላይ ምንም ድርሻ የለኝም፤ አልጠይቅም። ከታች የጣት አሻራ። ከሱ ጋር ከኦፋ ደብዳቤ፦ የዚያ ግቢ ባለቤት፣ ጃጊሶ እዚህ ድርሻ የለውም ብሎ የፈረመበት።

ባለቤቱ ማን ነው? አንጁሎ።

ታላቅ ወንድሜ ፊት ቆሜ፣ ከአባታችን ቤት አውጣኝ ልለው ነው።

ልጁ እስክሪብቶውን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። ቀላል ነው ፋዘር ይለኛል። ለሱ ቀላል ነው።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

እዚሁ። ያለ ወቅቱ ዘነበ። የተቆረጠው ጤፍ ሜዳ ላይ ነው፤ የሰው ጤፍ፣ የእኔ አይደለም፣ ግን አንጀቴን ይበላል።

ሲ/ር ዛሬ መከረችኝ። ወረቀት እኮ ነው አባባ አለች፤ በልብዎ ያለውን አይነካውም።

አንቺም በወረቀት ነው የተመደብሽው አልኳት። አራት ዓመት ሶዶ ኖርሽ። ነገ እናትሽ ደውላ፣ ልጄ አገርሽ የት ነው ብትልሽ ሶዶ ነው ትያለሽ? ይህን ፈርመሽ ላኪልኝ ብትልሽስ?

እስክሪብቶው ቆመ። ይህን አልጽፍም አለች። ጻፊው አልኳት። ጻፈችው።

ኅዳር 17፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ትናንት እዚህ አልነበርኩም። ይጻፍ። ደብተር እንዳትዋሽልኝ።

ኦፋ ሄድኩ፤ ገሱባ ድረስ በሚኒባስ። ከዚያ ሞተር፣ በዚያ መንገድ፤ ወገቤ እስካሁን የራሱን ይናገራል። አንጁሎ በሩ ላይ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ደክሟል። በኮቴዬ ለየኝ። «ያለ ጊፋታ መጣህ። ማን ሞተ?» አለኝ።

ማንም አልኩ።

አማረች መክራ ነበር የላከችኝ፦ ሳትበላ ተናገር፣ ከበላህ አፍህ ይታሰራል ብላ። በላሁ። ሥጋ ነበር፣ የሚያቃጥለው ዳጣችን ነበር። አፌ ታሰረ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ተናገርኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጁን ጠርቶ የመሬት ደብተሩን አስወጣ፤ አንብብለት አለው። ገበሬው መሬቱን ያስመዘገበ ጊዜ አንጁሎ ከራሱ ስም ሥር የእኔን አስጽፎ ኖሯል። ሳይነግረኝ። ያን ጊዜ ሹማምንቱ፣ እሱ እዚህ የለም፣ አይጻፍም ብለውት ነበር አሉ። አለ ብሎ ተሟገተ። ሁለት ቀን ተመላልሶ አስጻፈኝ።

«እንግዲህ ፋቀኝ ካልክ እፍቃለሁ» አለኝ። «ቤት ይፈርስብህ አልልም። ግን እንዲህ ተቀምጠህ አይደለም። ተነሥተህ፣ በሩ ጋ ቆመህ፣ ጎረቤት እየሰማ በል።»

ተነሣሁ። በሩ ጋ ቆምኩ። ሚኒባሱ ያመልጠኛል አልኩ።

ሚኒባሱ አመለጠኝ። እዚያው አደርኩ። ጠዋት ስንለያይ ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል የለም። ማር ቋጥሮ ሰጠኝ።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

እዚሁ ነኝ። ሦስት ቀን ቀረው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም ያውቃል።

ባዶ እጅህን መጣህ አለች አማረች። ማር ይዣለሁ አልኩ። ማሩ ላይ ጣሪያ ክደንበት አለችኝ።

ከዚያ እበቱን አስቀመጠች። እጇን ታጠበች። ቁጭ አለች። በሥራ ሰዓት ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም። እንዲህ አለች፤ ሲ/ር እንዳለ ጻፊው፦

«አንተ የአባትህ ቤት አለህ። እኔን አባቴ ድሮ ድሮኛል፤ እዚያ ብመለስ እንግዳ ነኝ። ኦፋ ብሄድ የአንጁሎ ሚስት ጓዳ ነው፤ እዚያም እንግዳ ነኝ። ያን ወረቀት ለምንድነው ለኔ የማታመጣው? ሌላ ቤት የለኝም ብዬ አሥሩንም ጣቴን አተምበታለሁ። አልዋሽም፣ የማንንም ምሰሶ አልነካም። ማን ጠየቀኝ? እነዚያ ልጆች ሲመጡ ጓሮ ነበርኩ። አንተ መለስክላቸው።»

ወጥቼ ላሟ ጋ ተቀመጥኩ።

ግቢው በአማረች ስም? ገበያ ላይ ምን ይላሉ? በሚስቱ ግቢ የሚኖረው ጃጊሶ ይላሉ። ሽምግልና የምቀመጥ ሰው ነኝ። እኔ ያስታረቅኋቸው ይስቃሉ።

ተናድጄ ነው ያደርኩት። በሕጉ አይደለም። እሷ ልክ በመሆኗ።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ጽ/ቤት ሄድን። ሁለታችን። እሷ በነጠላዋ፣ እኔ ኮቴን ለብሼ።

ልጁ አሰበ። ወደ ውስጥ ገባ። አለቃውን ጠየቀ፣ ወጣ። ይቻል ይሆናል አለ። ቅሬታ አቅራቢዋ እሷ ትሆናለች። ሁለት ጎረቤት ይመሰክራል። ባል ደግሞ፣ ዓመቱን ሙሉ የኖረችበት ቤት የእሷ ነው ብሎ ቃሉን በጽሑፍ ይሰጣል። ለኃላፊ ይቀርባል። ቃል አልገባም አለ። እኔም ቃል አልጠየቅሁህም አልኩት።

ከዚያ ወደ አማረች ዞሮ፣ «ማዘር፣ እዚያ ቤት መኖርዎን በምን ላውቅ?» አላት።

መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። እንሰት መፋቅ ያጠቆረው፣ የተሰነጠቀ መዳፍ። ልጁ አየው። ከዚያ፣ እናቴም እንዲህ ናት አለ። በወላይትኛ ነው ያለው። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፋዘር ግን ማለቱን አልተወም።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ሲ/ር ለሥራ ልትወጣ ነው። ቁሚ አልኳት። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።

ወሰንኩ። የኦፋውን ወረቀት መለስኩ፤ አልፈርምም። አንጁሎ ያስጻፈው ስም እንደተጻፈ ይኑር። ይኸኛውን፣ የባልን ቃል ግን እሰጣለሁ። ኃላፊው ይቀበል፣ አይቀበል፣ የሱ ጉዳይ ነው። ቃሌን አሁን እዚህ ጻፊልኝ፣ ነገ ወደ ትልቁ ወረቀት ትገለብጪዋለሽ፦

«እኔ ጃጊሶ፣ ኦፋ በአባቴ ግቢ ድርሻ አለኝ። ስጠየቅ የተናገርኩት ለአባቴ ክብር ነው፣ ለባለቤቴ ግን በደል ሆነ። ይህን ግቢ ግቢ ያደረገችው አማረች ናት። አራት ልጆች እዚህ ወለደች። በዝናብም በፀሐይም ከዚህ አልራቀችም። ሌላ ቤት የላትም። እኔ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በእሷ ቤት ነው፤ አንድም ቀን አስወጥታኝ አታውቅም።»

ሲ/ር የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ለፎርም አትሆንም አለች። ትሁን አልኳት። ትሆናለች።

አማረች በሩ ጋ ቆማለች። ይህን ያህል አማርኛ አይገባትም ብዬ ነበር እስከ ዛሬ። ገብቷታል፤ ፊቷን አዞረች።

በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። አሁን አንብቢልኝ። ከላይ ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ጣቴን ሳላሳርፍበት ልስማው። ስሟ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።