የዙሪክ ልጆች ለምን ወፈሩ

ሰኞ፣ ጄኔቭ

የሐዘን መግለጫ። የሱሪዬ ቁልፍ ዛሬ ረፋድ፣ በስብሰባ መሐል፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ቀብሩ ፓኪ ሰፈር፣ ምሳ በበላሁበት ካፌ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተፈጽሟል።

ቁልፍ የሞተበት ይኸው ሰው የሌሎችን ልጆች ውፍረት ያጠናል። ከስዊዘርላንድ የጤና ዳሰሳ የሐበሻ ልጆችን ክብደትና ቁመት አውጥቼ ቢኤምአይ አሰላሁ፤ ክብደታቸው ለቁመታቸው ልክ ነው ወይስ በዝቷል? የጄኔቮቹ ልክ ናቸው። የዙሪኮቹ ወፍረዋል! አለቃዬ ክሌር ፊቷ በራ። እኛ ቢሮ «ልዩነት ተገኘ» ማለት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚያስብል ነገር ነው። ዓርብ ለጤና ቢሮዎች ይቀርባል።

ምክንያቱስ? ቸኮሌት? እዚህም አለ። ባቡር? ሁሉም ተቀምጦ ነው የሚሄደው።

ማታ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ላለችው ታላቅ እህቴ ለአልማዝ ደውዬ «የእናንተ ሰፈር ልጆች ተድበልብለዋል» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ማክሰኞ

አልማዝ ደወለች። ያለ ስልክም ይሰማኝ ነበር። «ስፒከር ላይ ነበርክ እኮ! ማርታ ሰምታሃለች። ቁርስ እንቢ፣ ምሳ እንቢ። አጎቴ ዶክተር ነው፣ ወፍራም ካለ ወፍራም ነኝ አለች።»

የስታትስቲክስ ዶክተር መሆኔን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ያስረዳ?

ረቡዕ፣ ዲቲኮን

ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ማርታን ከጃኬቷ ውስጥ ፈልጌ ነው የሳምኳት። ፓስታ ቀረበ። «ሁንገር የለኝም» አለችኝ። ግማሹ ጀርመንኛ፣ ግማሹ እንባ። ማርታ እንዳልራባት እዚህ መዝግቤያለሁ።

ማድ ቤት ገብቼ «ይቺን ልጅ ወፍራም ያላት ማነው?» አልኩ።

«አንተ!»

«ጥናቱ ውስጥ አለች እንዴ?»

«አለች። በስልክ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።»

«ስንት ኪሎ አልሽ?»

ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። «ትንሽ ጨመር አደረግኩ።»

«አልሜ!»

«ታዲያ ቀጭን ናት ልበልና፣ አታበላትም ብለው የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ሰዎች ልጄን ይውሰዱብኝ? ሁላችንም ጨምረናል። ቤተ ክርስቲያን ተመካክረን ነው።»

ጄኔቭ ልጆቹን ነርስ ሚዛን ላይ አቁማ ነው የመዘነቻቸው። ዙሪክ እናቶች ናቸው የተናገሩት። ይህን አውቅ ነበር። እናት የልጇን ኪሎ አትስትም ብዬ አለፍኩት። እናቶቹም አልሳቱም፤ ፈሩ እንጂ።

ሐሙስ

እንዴት ልናገር? እናቶቹ ዋሹ ብል፣ የፈሩት ቢሮ በር ላይ ያደርሳቸዋል። ዝም ብል፣ ስንት ማርታ ፓስታ ትገፋለች። አልማዝ «ስማችንን እንዳታነሳ» ብላ አስምላኛለች።

ለክሌር እንዲህ አልኳት፦ አንዱ ጋ ተመዝኗል፣ ሌላው ጋ ተጠይቋል፤ ሁለቱ አይወዳደሩም። እንደገና በሚዛን ይሠራ።

«ይህን ሰኞ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጥናቱ ከዓርቡ ስብሰባ ወጣ። እኔም ከፊቷ ወጣሁ። ኮንትራቴ ይታደስ አይታደስ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ዲቲኮን

ማርታን አስቀምጬ ስህተቱን ነገርኳት።

«ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩህ?»

እናቷ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቃል።

ማረሚያ፦ በረቡዕ ዕለት ማስታወሻ ማርታ አልራባትም ተብሎ የሰፈረው መረጃ በአግባቡ ሳይጣራ የወጣ በመሆኑ ተሰርዟል። ርቧት ነበር። የእኔንም ሳህን ጨርሳለች።