የፀጉር አስተካካዩ ካርድ

ጥቅምት 3
ሰባ አራት ዓመቴ። አሁንም እንጨት እልጋለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ምስማር ሳልስት እመታለሁ... እስታለሁ። ዛሬ አውራ ጣቴን ሁለቴ ደቆስኩት። ቀኝ ዓይኔ ጭጋግ ለብሷል። ይህንንም ትልልቅ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ጥቅምት 5
ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ካርድ አወጣ። ልጁ የግል ጤና ኢንሹራንስ ገባለት። እንደ ሜዳሊያ ከደረት ኪሱ መዘዘው።
«ወረፋ የለ፣ ግፊያ የለ። ‹አባባ፣ ይቀመጡ› ነው። ወንበሩ ራሱ ያስተኛል!»
«ለመተኛትማ ቤትህ አልጋ አጣህ?» አልኩት።
ሳቀ። የሱም ዓይን እንደኔ ደክሟል። እሱ ሊያይ፣ እኔ ልደናበር?

ጥቅምት 9
ልጄ ደወለች።
«አባዬ፣ አንተንም ላስገባህ። በየወሩ እኔ እከፍላለሁ።»
«ዕድሜ ልኬን ግብር የከፈልኩበት ሆስፒታል አለኝ።»
«ተራህ ሳይደርስ ብትታወርስ?»
«በእጄ እዳስሳለሁ።»
ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው... ግን ከልጆቿ አፍ ላይ ልንጠቅ? ደግሞ ፀጉር አስተካካዩን አይቶ ቀና አይሉኝም?
አመሻሽ ላይ በመስኮት አየሁ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ የአባቱን ክንድ ይዞ ከመኪና ሲያወርደው። ካርዱስ ይቅር። ያ ክንድ...

ጥቅምት 20
ፀጉር አስተካካዩ ድምፁ ጠፋ። ካርዱም ከኪሱ አይወጣም። ዓይኑን ተሠርቶ ተኝቶ ይሆናል። ያስተኛው!

ኅዳር 2
የመንግሥት ሆስፒታል ዋልኩ። ወረፋው እስከ ግቢው በር። እዚህ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ተራውን እንዲይዝለት የሆነ ዕቃ ትቶ ነው። አንዱ ጠርሙስ፣ አንዱ ጃንጥላ፣ እኔ ኮፍያዬን። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ነርሷ ስሜን ጠርታ ልታልፈኝ ነው። ፊቱን በጋዜጣ የሸፈነ ሰውዬ ከኋላ ብድግ አለ።
«አለ! ያቺ ኮፍያ የሱ ናት፣ እኔ አውቀዋለሁ!»
ፀጉር አስተካካዩ!
«አንተ? ካርድህስ?»
«ዓይንህ ኢንሹራንስ ከመግባትህ በፊት የታመመ ነው፣ አንከፍልም አሉኝ። ለጉንፋን ግን ንጉሥ ነኝ።»
«ልጅህስ?»
«አልነገርኩትም። ያን ያህል ደስ ብሎት...»
ልስቅበት ስንት ቀን ተመኝቼ... ሳቁ አልመጣ አለኝ። ከኔ ተደብቆ ነበር እኮ። ለኮፍያዬ ብሎ ተጋለጠ።
ሐኪሙ በወሩ መጨረሻ እሠራዎታለሁ አለ። «የሚይዝዎት ሰው ይምጣ።»
ለልጄ ደወልኩ። «ነይ» አልኳት።

ታኅሣሥ 1
ፋሻው ተነሳ። መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ሽበት። መቼ አበቀለች?

በራሴ እጅ የምከፍለው ዕዳ፦
ለልጄ፣ የቁምሳጥኗን በር ማቃናት። መልስም አለብኝ። ነገ ደግሞ ጉልበቴ ቢከዳኝ ብዬ ካርዱን እሺ ብያለሁ፤ የማይከፍሉትን ግን አስቀድማ ታንብብልኝ።
ለነርሷ፣ ወረፋ ስጠብቅ ያየሁት የሚወዛወዘው ወንበሯ። አንድ ምስማር ነው።
ለፀጉር አስተካካዩ፣ ማክሰኞ። ዓይኑን ሲሠራ ክንዱን የምይዘው እኔ ነኝ። ልጁ ከመጣም በወዲያኛው በኩል ይያዝ።