በወንድሜ ስም ያገባኋቸው ግቦች

ጥቅምት 4

ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። ከአርብ ገበያ እስከ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አንዱ ገበሬ አህያውን አቁሞ፣ «አገኘሁ አጥቂው! ላሳፍርህ እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። ምን ይደረግ? በአንድ ዓመት አሥራ ሰባት ግብ ያገባሁ ሰውዬ... ዛሬ አህያ ይቀድመኛል።

ታላቄ ብርቄ ገና በር ላይ፣ «የመካነ ኢየሱስ ከተማ ቡድን ደብዳቤ መጣ?» አለች። አልመጣም። አሰልጣኝነቱ ካልሆነ ምን እበላለሁ? በዚህ እግር እርፍ አይያዝ።

ጥቅምት 9

እማ ከአልጋ አልተነሳችም። ትንፋሽ አጥሯታል።

«ጾሙ ሳይገባ የአገኘሁን ተዝካር አውጣልኝ» አለች። መሬት መሬት አየሁ።

ይህን ደብተር ማንም አያነበውም፤ ልጻፈው። አገኘሁ እኔ አይደለሁም፤ ታናሼ ነው። እኔ አስማረ ነኝ። እሱ የዛሬ ሃያ ዓመት መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በወባ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። በዚያው ሰሞን ለታዳጊ ቡድን የሚመርጡ ሰዎች መጡ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች... እኔ ሃያ ሞልቶኝ ነበር። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአገኘሁን የስምንተኛ ክፍል ካርድ ከሳጥን አውጥቶ ሰጠኝ። «ለሞተ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?» አለ።

ለቅሶ አልተቀመጥንም። ለጠየቀ ሁሉ «ታናሹ ሱዳን ተሻገረ» ተባለ። መንደሩ መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ሬዲዮው ሲደጋግመው ከልቡ አገኘሁ አለኝ። እማም አፏ እንዳያዳልጣት አገኘሁ አለችኝ። ሃያ ዓመት! ስትጠራኝ አንድም ቀን ዓይኔን አታየኝም ነበር።

ጥቅምት 17

ብርድ ነው። ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ የዋንጫው ጨዋታ ትዝ አለኝ። ወጌሻው መርፌ ወጋኝና «ዘጠና ደቂቃ ብቻ ቻለው» አለኝ። ቻልኩት። ሁለት አገባሁ። ስታዲየሙ «አገኘሁ! አገኘሁ!» እያለ ሲናወጥ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ።

ለማን ነበር የዘረጋሁት? እንጃ። ጉልበቴ ግን ከዚያ ወዲያ ጉልበት አልሆነም።

ኅዳር 2

ከመካነ ኢየሱስ ደወሉ። ሥራው ሊሆን ነው፤ ማስረጃዬን እያጣሩ ነው።

«እማ፣ ትንሽ ቆዪኝ። ደብዳቤው እጄ ይግባ» አልኳት። ተዝካር ከወጣ አገር ይሰማል። አገኘሁ ሞቷል ከተባለ እኔ ማን ልባል ነው?

«ሙት እኮ ነው ልጄ። ስንት ዘመን ደጅ ይቁም?»

ደግሞ ለጸሎቱ የክርስትና ስሙ ያስፈልጋል። ማን ያውቀዋል ብላት፣ «እኔ» አለች። «የክርስትና ስም ለሰው አይነዛም። ቀኑን ስትቆርጥ እነግርሃለሁ።»

አልቆረጥኩም።

ኅዳር 11

እማ ሞተች።

ኅዳር 14

ካልጻፍኩት ያፍነኛል። እማ የሞተች ዕለት ደጅ ተቀምጬ ጉልበቴን በጨው ውሃ አሻለሁ። ብርቄ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ከውስጥ «አስማረ... አስማረ...» የሚል ድምፅ። በደንብ ሰምቻለሁ። እማ ስትቃዥ ድሮ የምታውቀውን ሰው የምትጠራ መሰለኝ። ጉልበቴን ማሸቴን ቀጠልኩ። ሦስተኛ ጠራች። አቤት አላልኩም።

ብርቄ ጀሪካኗን አውርዳ ስትገባ ነው ጩኸቷን የሰማሁት።

እኔን ነበር። ለካ እኔን ነበር! ስሙን ልትነግረኝ... አንዴ እንኳ በስሜ ጠርታኝ ልትሞት። ምን ዓይነት ሰው ነው የገዛ ስሙ የሚጠፋበት?

ኅዳር 23

መካነ ኢየሱስ ደወልኩ። «አገኘሁ አይደለሁም» አልኩ። ሰውየው ኔትወርኩ መስሎት፣ «ሄሎ? ሄሎ?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት። «ታዲያ እነዚያ ግቦች የማን ናቸው?» አለኝ። ሥራው ቀረ።

ታኅሣሥ 20

የእማ አርባ። የአገኘሁም ተዝካር አብሮ ወጣ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ክክ ነው። መንደሩ ሁሉን ሰምቷል። አንዳንዱ በላ፣ ጠጣ፣ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። እውነታቸውን ነው። የአህያው ገበሬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ወንድምህ ሳቂታ ነበር» አለ። እኔ ረስቼው ነበር።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ጠሩኝ። «የእናትህን ይዣለሁ። የወንድምህ የክርስትና ስም ማን ነው?»

«አላውቀውም አባቴ። የምታውቀው እሷ ነበረች።»

«ክርስትና አባቱስ?»

«ሞተዋል።»

«እግዚአብሔር አያጣውም» አሉ። ግን ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ።

ስሙን ወስጄ ሃያ ዓመት ሮጬበታለሁ። ምን ቀረኝ የምሰጠው?

«ገብረ ሥላሴ ይበሉት» አልኩ። የእኔ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል መሰለኝ፤ ጻፉት።

ነፍሱን አሳርፍ እያሉ የክርስትና ስሜን ሲጠሩ ጀርባዬን በረደኝ። ከዚያ እንባዬ መጣ። በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜን አለቀስኩት። ጮክ ብዬ፣ እንደ ሰው።

ሰዉ ሲበተን ሳህን እየሰበሰብኩ ነበር። ብርቄ ከማድቤት «አስማረ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት» አልኩ።