ከጽዱ ሥር የቆምሽበት ቦታ

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። የቤታችን ሣር ክዳን በቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመታው አንሰማማም። ባለቤቴ ትንሽ ቢያነክስም ከዘመቻ በደኅና ተመልሷል፤ አሁን ወንድ ልጅ ውለጂልኝ ይለኛል። አንቺ ሳታያት የቀረሻት ልጄ ቆማ መሄድ ጀምራለች።

አንቺን የያዘሽ ነገር እኔንም ያዘኝ። እሷን ከወለድሁ ወዲህ ሳስል፣ ስስቅ፣ እንስራ ሳነሳ ሽንቴ ያመልጠኛል። ያኔ ነው የገባኝ። የቄስ ሚስት ሆነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ከጽዱ ሥር ቆመሽ የምታስቀድሺው፣ ሰዉም «ምን ያለች ትሑት ናት» የሚልሽ፣ ለካ ሽንት እያመለጠኝ ቅጽሩን አላረክስም ብለሽ ኖሯል። ለአባዬ እንኳ ሳትነግሪ ሞትሽ። አሁን ድረስ ያበግነኛል።

የልጄን ጆሮ ለሐኪም ላሳይ ብዬ ከመካነ ሰላም በጭነት መኪና ደሴ ሄድሁ። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ የሆንሁትን አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ ለአንዲት ነርስ ችግሬን ብነግራት ሁለት መንገድ አለ አለችኝ። አንደኛው አዲስ አበባ ሄዶ ኦፕራሲዮን መደረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብወልድ ግን ሊበላሽ ይችላል። ለይለፍ ወረቀቱም ምክንያቴን ለቀበሌው ሊቀ መንበር መናገር አለብኝ፤ እሱ ደግሞ የባሌ አጎት ነው። ሁለተኛው ስፖርት ነው፤ ሽንት የሚይዘውን ሥጋ ጭብጥ፣ ልቅቅ ማድረግ፣ ለወራት፣ ከባድ ነገር ሳያነሱ። ውኃውን ማን ሊቀዳልኝ?

ልቤ ኦፕራሲዮኑን ነበር የፈለገው፤ አንዴ ተደርጎ እንዲያልቅልኝ። ግን ማንም የማያውቀውን መረጥሁ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር ስናሰማ፣ እኔ ከታች ጭብጥ፣ ልቅቅ አደርጋለሁ። ስብሰባው ለአንድ ሰው እንኳ ጠቀመ። ቤት ስገባ ግን እንስራው ይጠብቀኛል፤ እሱን አዝዬ አቀበቱን ስወጣ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ለዘንድሮው መታሰቢያሽ ሲቀደስ ያንቺው ቦታ ላይ ቆምሁ። የምትደገፊው የጽዱ ግንድ ልጡ ለስልሷል። ሴቶቹ «እናቷን ወጣች፣ ትሕትናዋ» ሲባባሉ ሰማሁ። 

አልረሳሽም፣ እማዬ። ትሑት ነበረች እያሉ ያስታውሱሽ። እኔ ግን ልጄ ከፍ ስትል ከጽዱ ሥር አቁሜ እነግራታለሁ፤ አያትሽ መግባት ትፈልግ ነበር እላታለሁ።