አሮጊቷን ማን ይቀልባት?

ነሐሴ 26
ዝናብ። የአጃ ገንፎዬ አረረ፣ በላሁት። ገብሱ ቆሟል፣ እኔ ተቀምጫለሁ። ጎረቤቴ ቶርኪል አጨዳውን ጨርሷል አሉ... ምን አጣደፈው? እንግዲህ እንደ ልማዳችን ከመጨረሻው ነዶ አሮጊቷን፣ የገለባ አሻንጉሊቷን፣ ሠርቶ፣ ሽርጥ አስታጥቆ፣ ያልጨረሰ ሰው ማሳ ላይ ሊጥላት ነው። እንዲህ ከማሳ ማሳ ተወርውራ፣ መጨረሻ የቀረው ሰነፍ የብርዱን ወራት ሙሉ ቤቱ አስቀምጦ ይቀልባታል። የደሴታችን ሰነፍ ማን ነው? ስሙን አልጽፍም።

መስከረም 1
ማሳዬ መሃል ቆማ አገኘኋት። ሽርጧ ከሸሚዜ ይነጻል። ቶርኪል ከአጥር ማዶ፣ "ላክላን! በአርባ ስድስት ዓመትህ ሚስት አገኘህ!" ሳቅሁ። ምን ላድርግ?
ያልጨረስነው እኔና መበለቷ ኤፊ ብቻ ነን።

መስከረም 4
ጉድ ነው፣ ኤፊን ልቀድማት ነው! ነገ ከጨረስኩ ግን አሮጊቷን እሷ ማሳ ላይ መጣል አለብኝ። ደንቡ ነው...
የዛሬ ሁለት ዓመት አሮጊቷ የከረመችው እነ ኤፊ ቤት ነበር። የባሏ ጀልባ ወጥታ የቀረችውም ያኔ። አሮጊቷ ናት ያመጣችው ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ዛሬ ግን ኤፊ አሮጊቷን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ስታጭድ አየሁ። አንጀቴን በላችው።

መስከረም 5
አንድ እቅፍ የምትሆን ገብስ ጥግ ላይ ሳላጭድ አስቀረሁ። ወገቤን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ቶርኪል፣ "አንተማ ለሞትህም ትዘገያለህ" አለኝ።
ጀግና ነኝ? የምን ጀግና! ባሏ ከሞተ ወዲህ ከ"እንዴት አደርሽ" ሌላ ቃል ያልወጣኝ ፈሪ።

መስከረም 6
ኤፊ ጨረሰች። ማጭዷን እንደያዘች በቀጥታ ወደ እኔ።
"ወገብህን ነው?"
"ክፉኛ።"
"ታዲያ ለምን መሬት መሬት ታያለህ? አዘንክልኝ?"
ወገቤን አሻሸሁ። እሱን እችልበታለሁ።
"በል ተነስ፣ የቀረችውን አብረን እንጨዳት። እኔ አሮጊቷን የምፈራት ብቻዬን ስሆን ነው።"
አብረን አጨድን። ጣቴን ልቆርጠው ነበር።

መስከረም 8
መንደሩ ተጨቃጨቀ። የመጨረሻውን ነዶ ሁለት ሰው ካጨደው አሮጊቷ የማን ናት? ቶርኪል፣ "ከወገቧ ቆርጠን እናካፍላቸዋ!" ኤፊ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣
"አንድ አሮጊት ሁለት ቤት አትከርምም። ቤቱን አንድ ማድረግ ነው። ምን ትላለህ?"
እኔ አፌን ከፈትኩ... ምንም አልወጣም።
"ሰምቻለሁ" አለች።

ጥቅምት 20
ከተጋባን ሳምንታችን። ያሉኝ ወንበሮች ሁለት ናቸው። አንዱ የኤፊ፣ አንዱ የአሮጊቷ። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው።